ትናንት ምን በላሽ?

እሪ በከንቱ ላይ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
የሰፈሩ ግማሽ በዶዘሩ ተንዶ፣
በቀረው ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ጥግ፣
ሚዛኔን ዘርግቼ፣ ፎርሜን ሳስተካክል፣
ገባች ሀሴት ክንፈ፣ ስምንተኛ ክፍል።

ዕድሜ፦ ዐሥራ አራት።
አርባ ኪሎ አትሞላም።
ጫማዋን አድርጋ እንደገና ልውጣ አለች፤
አይቻልም አልኳት።

«ትናንት ምን በላሽ?»

ጥያቄው በሕግ ነው፤ ቃሉ አይለወጥም፤
ከትናንት ንጋት እስከ ዛሬ ንጋት፤
ማገዝ፣ መገረም፣ ቅንድብ ማንሳት የለም፤
«ብቻ?» አይባልም።
«ጎበዝ» አይባልም።

ቆጠረች በጣቷ፦ ዳቦ በሻይ ጠዋት፣
ቀን የምገባው ሩዝ፣ ሽሮ ደግሞ ለራት።
ሙሉ ቀን በሦስት መስመር አለቀ።

ሁለተኛው ዙር የተረሱት ነው፤
ምላስ ያለፈው፣ ኪስ የሚያስታውሰው፦
«ከረሜላስ? ቆሎስ? ሻዩ ስንት ስኳር?
ከሱቅ በደረቴ የገዛሽው ነገር?»
ሳቀች።
ፒያሳ ታክሲ ተራ፣ ከሶልያና ጋር በደቦ የተገዛች
አንዲት ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ
ከጋዜጣ ጥቅል ውስጥ ወጣች።
ድንቿን ጻፍኩ። ግማሽ።

ከዚያ መጠን መጣ። ሥዕሎቹን ገለጥኩ፤
የዳቦ ቁራሽ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ፤
ጭብጧን አስጨበጥኳት፤ ውሃ በስኒ አስቀዳኋት፤
የሽሮውን ዘይት ስጠይቃት
«እሱንማ እናቴን ነው!» አለች።
ለዳቦው ልክ አለኝ። ለስኒውም አለኝ።
ለትሪው ግን የለኝም።

ትሪው አንድ ነው፤ ቀኝ እጆቹ ስድስት፤
እናት፣ አክስት፣ ሦስት ልጅ፣ ከሥራ የገባ አጎት፤
ሽሮው መሀል ፈሷል፣ ድንበር አያውቅም።
«ያንቺ ጥግ የቱ ነው?»
ጣቷ በክቡ ሥዕል ላይ ዞሮ ዞሮ
የተነሳበት ተመለሰ።
መመሪያው፦ ጠቅላላውን መዝኚ፣ ለበላተኛው አካፍዪ፣ ይላል።
መመሪያው ጉርሻን አያውቅም።

«ስንት ጊዜ ጎረስሽ?»
ዝም።
ውጭ ዶዘሩ አንድ ግድግዳ ጣለ።
«እጄ ከትሪው አይርቅም» አለች በመጨረሻ፤
«እናቴ እንዳታውቅብኝ። ትንሽ እቆርሳለሁ፣
ወጡን ነካ አደርጋለሁ፣ ረጅም አኝካለሁ።
እሷ ዞር ስትል አቤኒን አጎርሰዋለሁ።»

ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤
ሰዓት፣ ቦታ፣ ዓይነት፣ አሠራር፣ ግራም።
«ሆድ ይፍጀው» የሚል ዓምድ የለም።

ያኔ ነው ጥያቄዬን ዞሮ የሰማሁት፤
ስንቱን ልጅ በዚህ ቃል ተቀምጬ ጠየቅሁት!
ምን በላሽ? ያው ድምፅ፣ ያው ሆሄ፤
አንዱ እሷ የበላችው ነው፣
አንዱ እሷን የበላት።
የኔ ሚዛን ለፊተኛው ብቻ ነው የተሠራው።

ማታ፣ ቸርችል ጎዳና፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ሠንጠረዡ ሽሮዋን ወደ ብረት ይመነዝራል፤
ዳቦዋን ወደ ዚንክ፤
ስኒዋን ወደ ምንም።
በመስኮቱ ሥር የፌሮ ጭነት ያልፋል፣
አስፋልቱን እየጫረ።
ብረት በከተማው ሞልቶ ተርፏል፤
በሀሴት መስመር ግን ቁጥሩ ቀይ ነው።

«በአንድ ቀን አትፍረጂ» ይላል ተቆጣጣሪዬ አቶ ይርሳው
(በማስታወስ ሥራ ላይ ይህን ስም ይዞ!)
«ትናንት ረቡዕ ነበር፤ የፍስክም ቀን ያዢላት።»
እውነቱን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ፣
ያው ወንበር፣ ያው ቃል፣
ግድግዳው ካለ።

የአቤኒን ጉርሻ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ።
ሦስት ይሆናሉ ብላኝ ነበር። በር ላይ ስትደርስ፣ አራት።
ከሷ ቀንሼ ለሱ ልደምርለት አልኩ፤
የስሙን መስመር ፈለግሁ።
እሱ ጥናቱ ውስጥ የለም።
ስድስት ዓመቱ ነው።